የልክ ደብተሩ፦ የአንድ ልብ ወለድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

በአዲሱ ልብ ወለድ ማእከል የሚቆመው ሰው ልብስ ሰፊ እንዲሆን ዛሬ ወስኛለሁ። እስካሁን በእጄ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፤ የሌላውን ሰው ምስጢር እያወቀ ዝም ስለሚል ሰው መጻፍ እፈልግ ነበር። ሐሳቡ ይማርከኛል፤ ይሁን እንጂ ሐሳብ ብቻ የሆነ ሰው አይቀመጥም፣ አይነሣም፣ እጁን የሚያሳርፍበት ዕቃ የለውም። ክፍል ውስጥ አስገብቼው አሁን ምን እየሠራ ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ የምጽፈው የሚጠፋኝም ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ሐኪም ላደርገው አስቤ ነበር፤ ቀጥሎም ጠበቃ። ሁለቱም የሰው ገመና የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዝም እንዲሉ ሙያቸው ያስገድዳቸዋል፤ ቢናገሩ ይጠየቃሉ። በግዴታ የመጣ ዝምታ ስለ ሰውየው የሚነግረን ብዙ ነገር የለም። እኔ የምፈልገው ማንም ያላዘዘውን ዝምታ ነው። ልብስ ሰፊን ምስጢር እንዲጠብቅ ያስማለው የለም፤ ሆኖም የደንበኞቹን ገላ ከቤተሰቦቻቸው ባላነሰ ያውቃል። የማን ትከሻ ወደ አንድ ወገን እንደ ዘመመ፣ የማን አንድ እግር ከሌላው እንደሚያጥር፣ ሲለካ ሆዱን የሚስበው ማን እንደ ሆነ፣ የማን ወገብ ካለፈው ልክ ወዲህ እንደ ቀነሰ በደብተሩ ጽፎ አስቀምጦታል። አንድ ሰው መክሳቱን ራሱ አምኖ ከመቀበሉ በፊት የልብስ ሰፊው ሜትር ያውቀዋል።

ሰውየው ሙያ ባገኘበት ቅጽበት ታሪኩም መንገድ አገኘ። አንድ የቆየ ደንበኛ አለው፤ ወገቡ 92 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ ከዚያ 86 ሆነ፣ አሁን ደግሞ 78 ሆኗል። ልብስ ሰፊው ይህን ያውቃል። ከዚህ በላይ ሤራ ገና አያስፈልገኝም።

አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ጄምስ ለአንድ ልብ ወለዱ ዘግይቶ በጻፈው መቅድም ላይ የሩሲያዊውን ደራሲ የኢቫን ቱርጌኔቭን አሠራር ያስታውሳል። ቱርጌኔቭ ታሪክ የሚጀምርለት በሰው ነበር፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ፊቱ ቆመው ይታዩታል፣ እርሱም እነዚህ ሰዎች ማንነታቸው በሚገባ የሚገለጥበትን ሁኔታና ግንኙነት ይፈልግላቸዋል። እኔ ይህን አካሄድ የምቀበለው አንድ ነገር ጨምሬበት ነው፤ ሰውየው ሲታየኝ እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዞ መታየት አለበት።

ጥቅምት መግቢያ

አንድ ልብስ ሰፊ ከሥራ ቦታው ጥግ ተቀምጬ እንድመለከት ፈቅዶልኛል። የሄድኩት ስለ ሕይወቱ ልጠይቀው አልነበረም። ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ለሌሎችም የሰጠውን፣ ተደጋግሞ የለሰለሰ መልስ ይሰጣል፤ ሥራ ላይ ሳለ ግን እጁ የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ ሊያዘጋጅ አይችልም።

ልክ ሲወስድ ከሰውየው ፊት ለፊት አይቆምም፤ በጎን በኩል ይቆማል። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ሲያዞር አንድ ጣቱን ከሜትሩ ሥር ያስገባል፤ ልብሱ መተንፈሻ እንዲኖረው ነው። ቁጥሩን ራሱ አይጽፍም፤ ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ረዳቱ ቃሉን ደግሞ ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ቀልቤን የሳበው የወገብ ልክ ነው። ሰው ወገቡ ሲለካ ሳያስበው ሆዱን ይስባል። ልብስ ሰፊው ይህን ስለሚያውቅ ሜትሩን አዙሮ ይይዝና ቁጥሩን ሳያነብ ይጠብቃል፤ እየጠበቀም ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ደንበኛው መልስ ሲጀምር ትንፋሹ ይወጣል፣ ሆዱም ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ይነበባል።

ይህን ካየሁ በኋላ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ጥያቄው የሥራው አካል ነው። ለደንበኛው ወዳጅነት የሚመስለው ነገር ለልብስ ሰፊው የሙያ ዘዴ ነው፤ ዘዴ መሆኑ ደግሞ ወዳጅነቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ለብዙ ዓመታት የተደጋገመ ጥያቄ መልሱን ማወቅ ወደ መፈለግ ያደርሳል። የእኔ ልብስ ሰፊ በዚህ መካከል የሚኖር ሰው ነው። ይህን በምናቤ ብቻ ተቀምጬ አላገኘውም ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ

ቁጥሩ ጮክ ተብሎ መጠራቱ ሌላ በር ከፍቶልኛል። የሚጠራ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ሜትሩ አንድ ነገር እያሳየ አፍ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ጻፊው የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሌላ ሰውም የሚያውቀው የተጠራውን ብቻ ነው። ስለዚህ የደንበኛው ሚስት ጽጌ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቅ አደረግሁ፤ የልብስ ሰፊውን የደበበን ረዳት ሶስናንም ከደብተሩ ጋር አስቀመጥኋት፤ ትዕይንቱንም በአንድ ጊዜ ጻፍሁት።

"አሁን ወገብዎን" አለ ደበበ፤ ሜትሩንም አዙሮ ያዘ። "ትልቁ ልጅ ሥራ ጀመረ?"

"ጀምሯል፤ ባለፈው ሳምንት ነው የጀመረው። ደስ ብሎታል።"

አቶ መኮንን ሲናገር ሆዱ ተለቀቀ። ሜትሩ ሰባ ስምንት ላይ ዐረፈ።

"ሰማንያ ስድስት" አለ ደበበ።

"ሰማንያ ስድስት" ብላ ሶስና ጻፈች።

ይህ ትዕይንት የመጽሐፉ ምሶሶ ነው። ደበበ የሚዋሸው በአንድ ቁጥር ነው፤ ያንንም ቁጥር ከራሱ አልፈጠረውም፣ ካለፈው ዓመት ገጽ ነው ያመጣው። ሱሪውን ግን ለእውነተኛው ገላ መስፋት አለበት፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ልክ በቃሉ ይዞ ሊቆርጥ ነው።

ስለ መነሻ ሐሳብ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ጠያቂዎቹም በአብዛኛው የሚጠብቁት ድንገት የወረደ ነገር ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. ከሊዮ ቶልስቶይ መኖሪያ ብዙ በማይርቅ የባቡር ጣቢያ አንዲት ሴት ራሷን ከባቡር ሥር ጥላ ሞተች፤ ቶልስቶይም ሄዶ አስከሬኑን አየ። በቀጣዩ ዓመት ሊጽፈው የጀመረው ትልቅ ልብ ወለድ፣ "አና ካሬኒና"፣ ከዚህ አሰቃቂ አጋጣሚ ጋር እንደሚያያዝ የታወቀ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ላይ ባለታሪኳ ዛሬ አንባቢ የሚያውቃት ሴት አልነበረችም፤ መልኳም ጠባይዋም የማይስብ ነበር፤ ስሟ ሳይቀር ሌላ ነበር። አጋጣሚው ለደራሲው የሰጠው የታሪኩን መጨረሻ ነው፤ ሴቲቱን ግን አልሰጠውም። እርሷ የመጣችው ረቂቅ በረቂቅ ላይ ሲጻፍ፣ ደራሲው የፈረደባትን ሰው ቀስ በቀስ ማየት ሲጀምር ነው። እኔም ከልብስ ሰፊው ክፍል ይዤ የተመለስሁት አንድ የሥራ ልማድ ብቻ ነው። ሰውየውን ከዚያ ልማድ ውስጥ ማውጣት የጠረጴዛው ሥራ ነው፤ ድንገት ወረደ የሚባለውም ነገር በአብዛኛው የሚመጣው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ነገር እየተጻፈ ሳለ ነው።

ኅዳር መግቢያ

ለገጸ ባሕርይ መቅረጫ ተብለው የሚሰጡ መጠይቆች አሉ፤ የሚወደው ቀለም ምንድን ነው፣ የሚፈራው እንስሳ የትኛው ነው፣ የልጅነት ቅጽል ስሙ ማን ነበር የሚሉ። እኔን አይረዱኝም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሁሉ መልሼ ስጨርስ በእጄ የሚቀረኝ ብዙ መረጃ ያለው እንግዳ ሰው ነው። መረጃው ከሌላ ሰው ጋር ሲጋጭ ካልታየ በስተቀር ጠባይ አይሆንም።

የሚረዳኝ ገጸ ባሕርዩ ራሱ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ቱርጌኔቭ "አባቶችና ልጆች" የተባለውን ልብ ወለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ ባዛሮቭን በሚቀርጽበት ጊዜ በባዛሮቭ ስም የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ እንደ ነበር ተናግሯል፤ ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነውም ያገኘው አንድ ወጣት የገጠር ሐኪም መሆኑን ከልብ ወለዱ መታተም በኋላ ገልጿል። በሥጋ የታየው ሐኪም መነሻውን ሰጠ፤ ማስታወሻው ደግሞ ድምፁን። ደበበ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ልብሱን ሳይወስድ ለቆየ ደንበኛ መልእክት እንዲጽፍ አደረግሁት፦

"የተከበሩ አቶ መኮንን፣ ኮትዎ ካለቀ ሰንብቷል። ገበሩን ለውጬዋለሁ፤ የቀድሞው በብብት በኩል ሳስቶ ነበር። ሲመችዎ ይውሰዱት። የማይመችዎ ከሆነም ከእኔ ዘንድ ይቆያል፤ ቦታ አያጣብብም።"

ይህ መልእክት በልብ ወለዱ ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ለእኔ ግን ብዙ ነገር ገልጦልኛል። ደበበ ማለት የፈለገው ስለ እርስዎ ተጨንቄያለሁ ነው፤ የጻፈው ግን ስለ ገበርና ስለ ቦታ ነው። ያልተጠየቀ ሥራ ሠርቷል፣ ገበር ለውጧል፤ ሥራውንም እንደ ተራ ነገር ጠቅሶ አልፎታል። "ቦታ አያጣብብም" የሚለው ሐረግ ሲመጣ ድምፁን ያገኘሁት መሰለኝ። ከእንግዲህ ደበበ ስለ ስሜቱ በሚናገርበት ቦታ ሁሉ ስለ ጨርቅ ይናገራል፤ ስለ ስሜት በቀጥታ የሚናገር ዐረፍተ ነገር በአፉ ካስገባሁ እሰርዘዋለሁ።

ኅዳር አጋማሽ

በእውነተኛ ሰው ላይ ስለ መመሥረት። ጥያቄው በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥም አዲስ አይደለም፤ በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ደራሲ ገጸ ባሕርይ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ላይ እንደ ተመሠረተ በሰፊው ይነገራል። አንድ ታዋቂ ደራሲ በሌላ ደራሲ ብዕር ሲሣል ሁለቱም የአደባባይ ሰዎች ናቸው፤ ተሣዩም መልስ የሚሰጥበት ብዕር አለው። እኔ ከጥግ ተቀምጬ የተመለከትሁት ልብስ ሰፊ ግን ይህ ዕድል የለውም። የፈቀደልኝ ሥራውን እንዳይ ነው፤ ፊቱን፣ አነጋገሩን ወይም ቤተሰቡን ወስጄ እንዳሳትም አልፈቀደልኝም።

ስለዚህ የምወስደው ነገር የሙያው እንጂ የእርሱ መሆን የለበትም። ጣትን ከሜትር ሥር ማስገባት የሙያው ነው፤ ከፊት ለፊት አለመቆምም እንዲሁ። ከሰውየው ያየሁትን፣ የእርሱ ብቻ የሆነውን አንድ ልማድ ግን ከደብተሬ ሰርዤዋለሁ፤ እዚህም አልጠቅሰውም። ይህን ማድረጌ ለሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን ለጽሑፉም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የእውነተኛ ሰው ልማድ ሲገለበጥ ከእርሱ ታሪክ ጋር የተያያዘው ምክንያት ስለማይከተለው፣ በልብ ወለዱ ሰው ላይ እንደ ተለጠፈ ጌጥ ይቀራል። ለደበበ የራሱን ልማድ ከራሱ ሕይወት ውስጥ መፈለግ አለብኝ።

ኅዳር መጨረሻ

ሶስና ከታቀደላት ቦታ ወጥታለች። ወደ ታሪኩ ያስገባኋት ቁጥር እንድትጽፍ ብቻ ነበር፤ ሐሰተኛው ቁጥር የሚሰማው ሰው ያስፈልገው ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. በሰጠው ተከታታይ ትምህርት ላይ ገጸ ባሕርያትን ጠፍጣፋና ድቡልቡል ብሎ ይከፍላቸዋል፤ ጠፍጣፋው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የቆመ ነው፣ ድቡልቡሉ ደግሞ አሳማኝ በሆነ መንገድ ሊያስደንቀን የሚችል ነው። ብዙ ሰው ክፍፍሉን እንደ ማዕረግ ያየዋል፤ ፎርስተር ግን ልብ ወለድ ሁለቱንም እንደሚፈልግ ተናግሯል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በር የሚከፍት ሰው በሩን ከፍቶ ይለፍ፤ የልጅነት ታሪኩ አያስፈልገንም።

ሶስና ግን ጠፍጣፋ ሆና ልትቀር ያልቻለችው ሥራዋን በትክክል ስለምትሠራ ነው። ቁጥር የምትጽፍ፣ በቁጥርም የምትተማመን ልጅ አንድ ቀን ካውያ ስትይዝ ያለቀውን ሱሪ ትለካዋለች። ደብተሩና ሱሪው አይስማሙም። ይህን እኔ አልወሰንሁላትም ማለት የተለመደ አነጋገር ስለሆነ አልወደውም፤ የወሰንሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ከዚህ ቀደም በሰጠኋት ጠባይ የተነሣ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

"ጋሼ፣ ደብተሩ ሰማንያ ስድስት ይላል።"

"ይላል።"

"ሱሪው ሰባ ስምንት ነው።"

ጋሽ ደበበ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ለክተሽው ነው?"

"ሁለቴ ለክቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ሦስተኛ አትለኪው።"

በዚህ ንግግር የማምነው ሁለቱም ስለ ቁጥር ብቻ ስለሚናገሩ ነው። ሶስና ለምን ዋሹ ብላ አትጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ቃል በእርሷና በእርሳቸው መካከል አይነገርም። ደበበም አይክድም። "ይላል" ሲል ደብተሩን ለብቻው ተናጋሪ ያደርገዋል። ምክንያቱን እንዲያስረዳት የጻፍሁት ረጅም አንቀጽ ነበር፤ በሙሉ አውጥቼዋለሁ።

ታኅሣሥ

ተራኪው ደበበን እንዴት ይጥራው? በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከገጸ ባሕርይ አቀራረጽ የማይለይ ጥያቄ ነው። ደበበ በዕድሜ የገፋ ሰው ስለሆነ ተራኪው "አሉ" ቢል ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን "አሉ" በተባለ ቁጥር አንባቢው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚከበር ሰው ፍርሃቱንና ራስ ወዳድነቱን ከቅርብ ሆነው የሚያዩት ሰው አይደለም። "አለ" ሲባል ደግሞ ርቀቱ ይጠፋል፤ ክብሩም አብሮ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ውሳኔዬ እንዲህ ነው። በደበበ በኩል በሚተረኩ ምዕራፎች ተራኪው "አለ" ይላል፤ ራሱን በአንቱታ የሚያስብ ሰው የለምና። በሶስና በኩል በሚተረኩት ግን "አሉ" ይላል፤ ከላይ ያሰፈርሁት ንግግርም በዚህ ምክንያት ነው በአክብሮት የተጻፈው። አንድ ሰው በአንዱ ምዕራፍ "ሜትሩን ያዘ"፣ በሌላው ደግሞ "ሜትሩን ያዙ" ሲባል አንባቢው ማን እየተመለከተ እንደ ሆነ ያለ ማብራሪያ ያውቃል።

ደበበና መኮንን ለብዙ ዓመታት የሚነጋገሩት በእርስዎ ነው። ዕድሜያቸው ይቀራረባል፤ ከፈለጉ አንተ መባባል ይችሉ ነበር፤ ሁለቱም ግን በልብስ ሰፊና በደንበኛ ወግ ውስጥ መቆየትን መርጠዋል። ይህ ወግ ለእኔ ትልቅ ሀብት ነው። በመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ መኮንን ብቻውን መጥቶ፣ ለመለካት እጆቹን ዘርግቶ ቆሞ ሳለ "ደበበ፣ አንተ ታውቃለህ አይደል?" ይላል። ሕመም የሚለው ቃል አይነሣም። መጠሪያው ብቻ ተለውጧል። ይህ እንዲሠራ ከዚያ በፊት ባሉት ገጾች ሁሉ አንድም አንተ ማምለጥ የለበትም፤ ረቂቁን ለዚህ ብቻ ብዬ ከመጀመሪያ ጀምሬ አነበብሁት።

ስለ ስም ባጭሩ። ሶስና በመጀመሪያው ረቂቅ እውነት ትባል ነበር፤ ደብተሩንና ሱሪውን የምታመሳክር ልጅ እውነት ከተባለች አንባቢው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሥራዋን ያውቅባታል። ትርጉሙ ቶሎ የሚታይ ስም ሰውየውን አስቀድሞ ይፈርድበታል። የዋና ዋናዎቹ ሰዎች ስም በተለያየ ፊደል እንዲጀምርም አድርጌያለሁ፤ ደበበ፣ ሶስና፣ መኮንን፣ ጽጌ።

የካቲት

ሥራው ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ በየዕለቱ እቀመጣለሁ፤ ደበበ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ ዝም ይላል። ዝምታው አንድ ዓይነት ሆኗል። ደግ ሰው ነው፤ ለሕመምተኛው ይራራል፤ ስለዚህ ይዋሻል። ይህ ከተባለ በኋላ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ደግነቱ መንገዱን ዘግቶታል።

ፈረንሳዊው ደራሲ ጉስታቭ ፍሎቤር በ1851 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ልብ ወለድ በ1856 እስኪጨርስ ድረስ ስለ ሥራው አዝጋሚነት ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። እነርሱን ማንበብ ያበረታኛል፤ ነገር ግን ትዕግሥት ብቻውን ገጸ ባሕርይን አያንቀሳቅስም። የሚያንቀሳቅሰው ፍላጎት ነው። አሪስቶትል በሥነ ግጥም ድርሰቱ ትራጀዲ አስመስሎ የሚያቀርበው ሰዎችን ሳይሆን ድርጊትንና ሕይወትን ነው ሲል ከጠባይ በፊት ድርጊትን ያስቀድማል፤ ለልብ ወለድ ይህ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ብዬ ባላምንም፣ እንዲህ ባለው የደረቀ ወቅት የሚጠቅም ምክር ነው። ደበበ ደግ ነው ማለት ጠባይ ነው። ደበበ ከመኮንን ምን ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ ወደ ድርጊት ይወስዳል።

ይህን ጥያቄ ይዤ የጻፍኋቸውን ትዕይንቶች አንድ በአንድ አነበብሁ፤ መልሱም እዚያው ነበር። ደበበ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መንገድ፣ ለሌሎቹ ደንበኞች የሙያ ዘዴ ናቸው። ለመኮንን ሲሆን ግን ቁጥሩ ከተነበበ በኋላም ጥያቄው ይቀጥላል። ይህን የጻፍሁት ሳላቅድ ነው፤ ትዕይንቱ ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ ነበር ያስረዘምሁት። አሁን ሳነበው ደበበ ሌላ የሚያነጋግረው ሰው እንደሌለው አየሁ። መኮንን የሚመጣው ልብስ ስለሚያሰፋ ነው። መታመሙን ያወቀና ያመነ ሰው አዲስ ሱሪ አያሰፋም። ስለዚህ ደበበ እውነቱን ቢናገር መኮንን አይመጣም፤ ሐሰተኛው ቁጥር መኮንንን ከድንጋጤ ያድነዋል፣ ደበበንም ከብቸኝነት። የትኛው እንደሚቀድም ደበበ ራሱ አያውቅም፤ ተራኪውም አይነግረንም።

ርኅራኄውና ጥቅሙ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሲገናኙ ነው ደበበን እንደ ሰው መፍራት የጀመርሁት። መኮንን ወደ ሐኪም የሚሄድበት ጊዜ በዚህ ዝምታ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል። ደግነት የሚያስከፍለው ነገር ሲኖር ታሪኩ እንደገና ተራመደ፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ምዕራፎች ከቀድሞዎቹ ያጠሩና የከበዱ ናቸው።

መጋቢት

ወደ ልብስ ሰፊው ክፍል ተመልሼ ነበር። አንድ ሴት ያመጡትን አሮጌ ኮት ሊጠግን ገበሩን ሲፈታ ቆም አለና ስፌቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው። በብብቱ በኩል ሌላ ሰው ሰፍቶበታል፤ ነጥቦቹ ይራራቃሉ፣ ክሩም የተለየ ነው፣ የቋጠረውም እጅ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ይህን ያለው ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር። ለባለሙያው ስፌት የሠሪው እጅ ጽሑፍ ነው።

ወይዘሮ ጽጌ እስካሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅ ሴት ነበረች። በየትዕይንቱ አለች፤ ቁጥሩን ትሰማለች፣ ቦርሳዋን ይዛ ትነሣለች። ቁጥሩ ሐሰት እንዲሆን ያስገደደችውም በመገኘቷ ነው፤ ደበበ እውነቱን የሚደብቀው በከፊል ከእርሷ ጆሮ ነበርና። ስለ ራሷ ግን የጻፍሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ታሪኩም የጎደለው ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ደበበ ከመኮንን አሮጌ ሱሪዎች አንዱን ለጥገና ይቀበላል። ቀበቶ ማስገቢያውን ሲፈታ ከኋላ በኩል፣ ከውስጥ፣ በእጅ የተሰፋ መጥበቢያ ያገኛል። ስፌቱ የእርሱ አይደለም። ጥቃቅን ነው፣ ተጠንቅቆ የተሠራ ነው፣ ከውጭ እንዳይታይም ጨርቁን ግማሽ ብቻ ነው የወጋው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ የቆየ ስፌት አለ፤ ሱሪው አንድ ጊዜ ጠብቦ፣ ቆይቶ እንደገና ጠብቧል። አንድ ሰው በቤት ውስጥ፣ መኮንን ሳያውቅ፣ ሱሪው እንዳይሰፋው ወገቡን እየተከተለ ሲያጠብ ኖሯል።

ደበበ ይህን ስፌት አይፈታውም። ከእርሱ ቀጥሎ የራሱን ስፌት ይሰፋል፤ ጽጌ ሱሪውን ስትቀበል እጇን ከውስጥ አስገብታ እንደምትዳስሰው ያውቃልና። በሁለቱ መካከል ከዚህ የሚያልፍ ንግግር አይኖርም። እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ትዕይንት ጀምሬ ነበር፤ ከሁለተኛው መስመር በላይ አልሄደልኝም፤ ስፌቱ አስቀድሞ ተናግሮ ጨርሷል።

የሚቀጥለው ምዕራፍ በጽጌ በኩል ይጻፋል። ባሏን እርሷ አንተ ስለምትለው ተራኪው በዚህ ምዕራፍ መኮንንን "አለ" ይላል፣ ደበበን ደግሞ "አሉ"፤ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ሥራ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለው ነው። እርሷ የተገኘችባቸው የልክ ትዕይንቶች በሙሉ እንደገና መጻፍ አለባቸው፤ ንግግሩ አንድ ቃል ሳይለወጥ። ደበበ "ሰማንያ ስድስት" ብሎ ሲጠራ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት ያንን ወገብ በገዛ እጇ ስታጠብ የነበረች ናትና፣ ቁጥሩ ሐሰት መሆኑን ከክፍሉ ሰዎች ሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እርሷ ነች፤ ዐይኗ በዚያች ቅጽበት ወዴት እንዳለ ገና መወሰን ይኖርብኛል።